ቆልፎ የቆመ ገላ

ሎኪንግና ፖፒንግ የተባሉት የካሊፎርኒያ ዳንሶች እንዴት እንደ ተወለዱ፣ በስተርጅና ልማራቸው ያለውንም ሰው ምን እንደሚገጥመው

መምህሩ የቀኝ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋና፣ «ይያዙት፤ ይዘውም ይጠብቁ» አለኝ። እኔም ለእንዲህ ያለው ትምህርት ፍጹም ባዳ መሆኔን ሳልሸሽግ፣ አራቱን ጣቶቼን ከላይኛው ክንዱ በስተኋላ፣ አውራ ጣቴን በስተፊት አድርጌ፣ የደም ሥር እንደሚያዳምጥ ሐኪም ትንፋሼን ሰብስቤ ቆምሁ። ክንዱ እንቅልፍ እንደ ወሰደው የሕፃን ክንድ የላላ ነበረ። ከጥግ ከተቀመጠው የድምፅ ማጉያ የሚወጣው ዘፈን ምቱን ሲጥል ግን በጣቶቼ ሥር አንድ ነገር ዘለለ፤ ከወንዝ የወጣ ዓሣ በመዳፍ ውስጥ እንደሚፈራገጥ ያለ፣ ጠንካራና ሕያው ነገር፤ ምን እንደ ሆነ ለይቼ ሳልጨርስም ክንዱ ወደ ቀድሞው ልስላሴው ተመለሰ። የመምህሩ ፊት አልተለወጠም፤ ትከሻው አልተነሣም፤ እጁም ከነበረበት ቦታ አንዲት ጋት ፈቀቅ አላለም። «ፖፕ የምንለው ይህን ነው» አለና እጅጌውን አወረደ፤ «የቀረው ሁሉ ሐተታ ነው።»

ይህ የሆነው በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ካጸደቀለት ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙ በማይርቅ አንድ የመለማመጃ አዳራሽ ውስጥ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንድጽፋቸው አንባቢ ይፍቀድልኝ።) የቡና ቁላቱ ሽታ እግረኛውን እስከ መስቀለኛው መንገድ በሚሸኝበት በዚያ ጎዳና ምሳዬን ከበላሁ በኋላ፣ ከእኔ ዕድሜ እኩሌታውን እንኳ ካልጨረሱ ወጣቶች ጋር በመስተዋት ፊት ለመሰለፍ የመጣሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቆየ ሐፍረት ገፋፍቶኝ ነው።

በልጅነቴ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሳንቲማችንን ከፍለን፣ በጣውላ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀን የምናየው አንድ ዘፋኝ ነበረ፤ ወደ ፊት የሚራመድ መስሎ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ምድርም ከእግሩ ሥር እንደ ሐር የምትሸሽለት ማይክል ጃክሰን። ያን እርምጃ ላጠና ብዬ በሰም በተወለወለ የዘመድ ቤት ወለል ላይ በካልሲ ስንሸራተት፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያገኘሁት በአገጬ ነበር፤ ጠባሳውን ዛሬም ጢም ስላጭ በጣቴ አገኘዋለሁ። ያን ጊዜ ሁሉንም «ብሬክ ዳንስ» እንለው ነበር፤ በጀርባው የሚሽከረከረውንም፣ እንደ ማሽን የሚንቀጠቀጠውንም፣ አጥንት እንደሌለው የሚጥመለመለውንም በአንድ ከረጢት አስገብተን። ብዙ አንባቢም እንደ እኔው በዚሁ በአንዱ ስም ሳያውቀው አይቀርም።

ይሁን እንጂ በከረጢቱ ውስጥ ያሉት ሁለት አገር ናቸው። ብሬክ የተባለው፣ በምድር ላይ በእጅና በጀርባ የሚሠራው ዳንስ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍል፣ ኩል ኸርክ የተባለው የሸክላ አጫዋች ኦገስት 11 ቀን 1973 ግብዣ ካደረገበት ቤት ጋር ታሪኩ የሚያያዝ፣ በእውነትም የሂፕ ሆፕ የበኩር ልጅ ነው። ሎኪንግና ፖፒንግ ግን በአሜሪካ ሌላኛው ዳርቻ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሂፕ ሆፕ የሚባል ስም ገና ባልተሰማበት ጊዜ፣ ከፈንክ ሙዚቃ የተወለዱ ናቸው። በ1983ና በ1984 «ፍላሽዳንስ» እና «ብሬኪን» የተባሉት ፊልሞች ወጥተው ዓለሙን ሲያዳርሱ፣ ምሥራቁም ምዕራቡም በአንድ ስም ተጠራ፤ ስሙም እስከ እኛ ቪዲዮ ቤት ድረስ እንደ ተሳሳተ ደረሰ።

መሰናከልን ጌጥ ያደረገ ሰው

የሎኪንግ ታሪክ የሚጀምረው ዳንስ ባልሆነለት ሰው ነው። ዶን ካምቤል በ1951 በሴንት ሉዊስ ተወልዶ በደቡብ ሎስ አንጀለስ ያደገ፣ በከተማው የሙያ ኮሌጅ ለንግድ ሥራ የሚሆን ሥዕል የሚማር ወጣት ነበረ። በ1970 ግድም የኮሌጁ ጓደኞቹ የዘመኑን ዳንሶች ሊያሳዩት ሲሞክሩ፣ ከእነዚያ አንዱ፣ ክንድን እንደ ዶሮ ክንፍ እያራገቡ የሚጨፈረው «ፈንኪ ቺክን»፣ አልሆን አለው፤ ክንዱን ያነሣና ቀጥሎ የሚመጣው ስለሚጠፋበት፣ እንዳነሣው ደርቆ ይቀራል። የቆሙት ሳቁበት። ሌላ ሰው ቢሆን ግንባሩን አቀርቅሮ ከመካከል በወጣ ነበር፤ ካምቤል ግን ጣቱን አውጥቶ ወደ ሳቁት ሰዎች አመለከተ። በሚቀጥለው ጊዜ ሰዎቹ ያንኑ መድረቅና ያንኑ ጣት መቀሰር እንዲደግምላቸው ለመኑት። እንግዲህ ከአንድ እንከንና ከአንድ አጸፋ፣ ዛሬ በቶኪዮም በፓሪስም ልጆች በመስተዋት ፊት የሚያጠኑት ዳንስ ተወለደ፤ በፈጣሪው ስምና በመቆለፉ ግብርም መጀመሪያ «ካምቤልሎክ» ተባለ።

ሎክ ማለትም እንዲህ ነው። ዳንሰኛው እጆቹን ከራሱ በላይ አውጥቶ አንጓዎቹን ያሾራል፤ በአየር ላይ ፈትል የሚያጠነጥን ይመስላል። ወዲያው ሁለቱ ክንዶች በአንድነት ይወርዱና፣ ክርኖቹ ወደ ውጭ እንደ ወጡ፣ ጡጫዎቹ ከሆዱ ፊት ለፊት፣ ጉልበቶቹ በጥቂቱ ተሰብረው፣ ደረቱ ወደ ፊት ዘንበል እንዳለ፣ በሩ ላይ መወርወሪያ የወደቀ ያህል ሁሉም ነገር በድንገት ቀጥ ይላል። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ሰውየው ሐውልት ነው። ከዚያ ፈገግ ብሎ ጣቱን ወደ አንዱ ተመልካች ይቀስራል፣ ወይም ከጎኑ ከቆመው ጋር እጅ ለእጅ ይማታል፣ ወይም በጉልበቱ ዱብ ብሎ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሣል። ሎኪንግ ደስ ያለው ሰው ዳንስ ነው፤ የሚያሥቅ መሆኑን ያውቃል፣ አያፍርበትምም።

ካምቤል በክሬንሾው ጎዳና በሚገኘው «ማቬሪክስ ፍላት» በተባለው የምሽት ክበብ ታወቀ፤ በ1971 ከቺካጎ ወደ ሎስ አንጀለስ በተዛወረውና ዶን ኮርኔሊየስ በሚመራው «ሶል ትሬይን» በተሰኘው የቴሌቪዥን ትርኢት ላይም ወጣ። በዚያ ትርኢት ላይ በየሳምንቱ አገር ምድሩን የሚያስደንቁት ወጣቶች ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ለምሳቸው የሚሰጣቸው የዶሮ ጥብስ ነበር። ከዶሮ ዳንስ ስሕተት የተወለደው ጥበብ ዋጋውን በዶሮ መቀበሉን ሳስብ፣ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ከአዝማሪ የባሰ ተረበኛ መሆኑን እታዘባለሁ።

«ሳቁበት፤ እርሱም ጣቱን ወደ ሳቁት ቀሰረ። ዳንሱ ከዚያ ጀመረ።»

ካምቤል ከዳንሰኛዋ ቶኒ ባዝል ጋር ሆኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ዘ ሎከርስ» የተባለውን ቡድን አቆመ። ቡድኑ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ከሩቅ የሚለየው በልብሱ ነበር፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ባለ መስመር ካልሲ፣ ከጉልበት በታች ሰብሰብ ያለ ሱሪ፣ ማንገቻ፣ ትልቅ የቢራቢሮ ክራባትና ሰፊ ቆብ። ከአባላቱ አንዱ የነበረው ፍሬድ ቤሪ በኋላ የቴሌቪዥን ቀልደኛ ሆኖ ታወቀ፤ አዶልፎ ኪኞኔስ፣ በቅጽል ስሙ ሻባ ዱ፣ ከ«ብሬኪን» ፊልም መሪ ተዋናዮች አንዱ ሆነ። ካምቤል በ2020 መጋቢት ወር ዐረፈ፤ ሻባ ዱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለው።

ፈንዲሻ በብረት ምጣድ ላይ

ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ተራራውን ተሻግሮ ወደ ሳን ዋኪን ሸለቆ ሲወርድ፣ ግራና ቀኙ ወይንና ለውዝ ብቻ ይሆናል። ፍሬዝኖ የዚህ ሸለቆ ከተማ ናት፤ ስሟ በዘቢብ እንጂ በዳንስ ይጠራል ብሎ የሚገምት አልነበረም። በዚያች ከተማ ሳም ሰለሞን የተባለ ወጣት «ዘ ሎከርስ»ን በቴሌቪዥን አይቶ ተማረከ። የሚያስተምረው ስላልነበረ ያየውን እያስታወሰ፣ ያላየውን ከራሱ እየሞላ መለማመድ ጀመረ፤ መምህር ማጣቱም ሳይጠቅመው አልቀረም፣ ምክንያቱም የሎኪንግን መቆለፍ ለመኮረጅ ሲጥር ወጥቶ የተገኘው ሎኪንግ አልነበረም። ገላውን በሙሉ ከማቆም ይልቅ ጡንቻዎቹን በየምቱ ለቅጽበት አጥብቆ ይለቃቸው ነበር፤ ሲያጠብቃቸውም ከአፉ «ፖፕ፣ ፖፕ» የሚል ድምፅ ያወጣ ነበር። ስሙም ከዚያ ተገኘ።

ቃሉን ወደ እኛ ለማምጣት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡና በሚፈላበት ቤት በቆሎው በብረት ምጣድ ላይ ሲፈነዳ የሚሰማውን ድምፅ ፈረንጅ ፖፕ ይለዋል፤ እኛም ያንኑ እህል ከመፈንዳቱ ወስደን ፈንዲሻ ብለነዋል። የፖፒንግ ዳንሰኛን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ይህን ምጣድ ቢያስብ አይሳሳትም፤ ፍሬው ባለበት እንዳለ ነው፣ ዝም ብሏል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ከውስጡ ይፈነዳል። ልዩነቱ ዳንሰኛው የሚፈነዳው ከበሮው ባዘዘው ቅጽበት ብቻ መሆኑና፣ ፈንድቶ እንደገና ጥሬ መሆን መቻሉ ነው።

ሳም በ1977 ያቋቋመው ቡድን፣ ወንድሙ ጢሞቴዎስ፣ በዳንስ ስሙ ፖፒን ፒት፣ ከተጨመረበትና ወደ ሎንግ ቢች ከተዛወሩ በኋላ፣ «ኤሌክትሪክ ቡጋሉስ» በሚል ስም ታወቀ። ቡጋሉ የሚባለው የፖፒንግ ወንድም ነው፤ ወገብ፣ ጉልበትና አንገት እየተሽከረከሩ፣ ገላ አጥንቱ የወጣለት እስኪመስል የሚፈስበት። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይፈሳል፤ ጎበዙ ዳንሰኛም ሁለቱን እያፈራረቀ ተመልካቹ የሚቀጥለውን እንዳይገምት ያደርገዋል። ፖፒን ፒት በ1983 በወጣው የማይክል ጃክሰን «ቢት ኢት» የቪዲዮ ፊልም ውስጥ ከሚታዩት ዳንሰኞች አንዱ ነው።

ነገር ግን ስለ ጥንተ ነገሩ ከጠየቁ፣ ክርክር ሳይነሣ ምሽት አያልፍም። በኦክላንድ፣ በሪችመንድና በሳን ፍራንሲስኮ ያደጉ በዕድሜ የገፉ ዳንሰኞች፣ ፍሬዝኖ ሳትሰማ እኛ ቡጋሉን በ1960ዎቹ እንጨፍር ነበር ይላሉ። እውነትም አላቸው። የእነርሱ ወላጆች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሪችመንድ የመርከብ ሥራ እንጀራ ፍለጋ ከሉዊዚያናና ከቴክሳስ፣ ከአርካንሳስም ተሰድደው የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ልጆቹም በየትምህርት ቤቱና በየችሎታ ውድድሩ እንደ ሮቦት መንቀሳቀስንና በአንድ ረድፍ ተሰልፎ መምታትን አዳበሩ። ፖፒንግ የሚለው ስም ከፍሬዝኖ እንደ ወጣ ማንም አይክድም፤ በስሙ ሥር የተጠቃለለው ሁሉ ግን የአንድ ቤት ርስት አይደለም። እኔ በበኩሌ የወንዝን ምንጭ በአንዲት ጠብታ ለመወሰን የሚሞግት ሰው ውሃውን ሳይጠጣ ይመሻል ባይ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹ ስማቸው እንዲነሣ መፈለጋቸው ግን ተገቢ ነው፤ ከዚህ ዳንስ ሌላው ሲከብር እነርሱ ከሐሜት በቀር ያተረፉት የለምና።

ሙዚቃውን ሳላነሣ ብቀር ጽሑፌ ጎዶሎ ይሆናል። ፈንክን ፈንክ ያደረገው ጄምስ ብራውን የየዙሩን የመጀመሪያ ምት ከቀሩት ሁሉ አክብዶ መጣሉ ነው፤ ያ ክብደት ለዳንሰኛው እንደ ሚስማር ነው፣ ገላውን የሚሰቅልበት። ይኸው ምት በዚያው በ1960ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባም ደርሶ ነበረ፤ ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» ያሰኘው እርሱ ነው። ለፖፒንግ ግን ከሁሉ የሚወደደው ዘፈን ዛፕ የተባለው ቡድን በ1980 ያወጣው «ሞር ባውንስ ቱ ዘ አውንስ» ነው። ሮጀር ትራውትማን በዚያ ዘፈን ውስጥ የመሣሪያውን ድምፅ በቱቦ ወደ አፉ አስገብቶ በከንፈሩና በምላሱ ቃል ያደርገዋል፤ ማሽን የሰው አፍ ተበድሮ የሚናገር ይመስላል። የሰው ገላ እንደ ማሽን ለሚናገርበት ዳንስ ከዚህ የተሻለ ጓደኛ አይገኝም።

ለመላላት መድከም

ወደ አዳራሹ እንመለስ። መምህሩ የመጀመሪያውን መልመጃ «ፍሬዝኖ» ይለዋል፣ በከተማይቱ ስም። ክብደት ወደ ቀኝ ይደረጋል፣ ቀኝ ክንድ ከወገብ ከፍ ብሎ ይዘረጋል፣ ምቱ ሲወድቅ የክንዱም የጭኑም ጡንቻ በአንድነት ይመታል፤ ከዚያም ወደ ግራ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህንኑ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስናመላልስ፣ ከፊቴ የቆመው ወጣት ጨዋ ፈገግታውን ሳይተው ላቡን ያብሳል፤ እኔ ግን በሃያኛው ደቂቃ ላይ ባቴን ጨምድዶ ስለ ያዘኝ፣ እንደ ካምቤል ጣቴን የምቀስርበት ሰው እየፈለግሁ ግድግዳውን ተደገፍሁ።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ክንዱን ማርገፍገፍ ነው፤ ጡንቻው መምታት ሲገባው መገጣጠሚያው ይነቀነቃል፣ ተመልካችም መምታት ሳይሆን መንቀጥቀጥ ያያል። ይህ በጥቂት ቀን ይታረማል። የማይታረመው ሌላው ነው። ተማሪው ማጥበቁን ካወቀበት በኋላ መልቀቁን ይረሳል፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ትንፋሹ ይታፈናል፣ ጥርሱ ይነከሳል፣ ቀጣዩ ምት ሲመጣም ገላው ቀድሞ የጠበቀ ስለ ሆነ የሚጠብቅ ነገር አይቀረውም። የጠበቀ ክር ሲጎተት ምን ድምፅ አለው? መምህሩ በመካከላችን እየተመላለሰ ክንዳችንን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ይለቀዋል፤ ክንዱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ካልወደቀለት፣ «ገና ነህ» ብሎ ያልፋል። እኔን ሦስት ጊዜ አልፎኛል።

«ሁሉም ሰው ማጥበቅ ይችላል፤ እኔ የማስተምረው መልቀቅን ነው።»

ንጽጽሩ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ እንጂ፣ በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ የቤተ ክርስቲያናችን የአቋቋም ሥርዓት ነው። ሊቃውንቱ መቋሚያውን እያነሡና እያወረዱ፣ ጸናጽሉን እየጸነጸሉ፣ ዝማሜው ወደ መረግድ፣ መረግዱም ወደ ጽፋት በሚሸጋገርበት ጊዜ፣ ልብን የሚይዘው እንቅስቃሴው ብቻ አይደለም፤ በአንዱ ምትና በሚከተለው መካከል መቋሚያው በአየር ላይ የሚዘገይባት ያች አርምሞ ጭምር ናት። ያ መንፈሳዊ አገልግሎት፣ ይህ የጎዳና ጨዋታ ነው፤ በማዕርግም በዓላማም አይገናኙም። ሆኖም በልጅነቱ ከቅኔ ማሕሌቱ ደጃፍ ቆሞ ያየ ሰው፣ ዜማን በዝምታው ጭምር የሚሸከም ገላ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያውቃል። የማስተማሩም ፈሊጥ እንደዚያው ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ይሰጠዋል፣ ይመልሳል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይመልሳል።

ከእኛ ጋር የምትማር፣ ከአዲስ አበባ በመጡ ወላጆች ቤት እዚሁ የተወለደች የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለች። መምህሩ ደረትን ከትከሻ፣ ትከሻንም ከአንገት ለይቶ ማንቀሳቀስን ባስተማረ ጊዜ ሌላው ሁሉ እንደ አንድ ግንድ ሲወዛወዝ፣ እርሷ ትከሻዋን ብቻ ነጥላ፣ ደረቷን ባለበት አቁማ ሠራችው። «ይህን ማን አስተማረሽ?» ሲላት ግራ ተጋባች፤ ማንም አላስተማራትም፣ ከእስክስታ በቀር። ጭኗ ግን አልታዘዝ ብሏታል። ፖፒንግ እስክስታ አይደለም፤ እስክስታ ትከሻውን ያፈጥነዋል እንጂ በየምቱ አቁሞ አያሰናብተውም፤ ልጅቱም ፍጥነቷን ለመተው ሳምንታት ፈጅቶባታል።

ዓይንን ማታለል

መምታቱ ከተያዘ በኋላ የሚከተለው የተመልካችን ዓይን የማታለል ትምህርት ነው፤ እዚህ ላይ ዳንሰኛው ከጠንቋይ ጋር ይዋሰናል። አንዱ ወገን በጥንታዊት ግብፅ የግድግዳ ሥዕል እንደሚታየው ክንድንና እጅን በማዕዘን እየሰበረ የሚሠራው «ታቲንግ» ነው፤ ሌላው «አኒሜሽን» ነው፣ እርሱም ከፊልም የመጣ። ሬይ ሃሪሃውሰን በ1958 በወጣው የሲንድባድ ፊልም ውስጥ ትንንሽ ምስሎችን በየሥዕሉ ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀሰ አጽሙን ሰይፍ ሲያማዝዘው፣ እንቅስቃሴው ሕያውም ግዑዝም ያልሆነ፣ በመካከል የሚንጠባጠብ ነበር፤ የካሊፎርኒያ ልጆችም ያን ጉድለት ወደዱት፣ በሥጋቸውም ቀዱት። በድኑ ሰው እንዲመስል የተደከመበትን ነገር፣ ሰው ደግሞ በድን ለመምሰል መቅዳቱ፣ የሚያስገርም አዙሪት ነው።

ወደ ኋላ የሚንሸራተተው እርምጃም ከዚሁ ወገን ነው፤ የአገጬን ጠባሳ ያተረፈልኝ። ምሥጢሩን በአርባ ዓመቱ ሰማሁት። አንዱ እግር በጣቱ ይቆማል፣ ክብደቱም ሁሉ በእርሱ ላይ ይሆናል፤ ሌላው እግር ግን ተረከዙ ምድር እንደ ነካ ሳይከብድ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሰው የሚገፋው በጣቱ ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ የቆመውን እግር እያየ «አሁን ወደ ፊት ሊሄድ ነው» ብሎ ይጠብቃል፤ ገላው ግን ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ በካልሲዬ ሁለቱንም እግሬን በአንድነት ነበር ያንሸራተትሁት፤ ጠረጴዛው ምንም ጥፋት የለበትም።

ማይክል ጃክሰን ይህን ከዚህ አዳራሽ ብዙ በማይርቅ በፓሳዴና መድረክ ላይ ማርች 25 ቀን 1983 አሳየ፤ በግንቦት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ዓለም ጉድ አለ። በ«ሶል ትሬይን» ላይ ሲጨፍሩ ከነበሩ ወጣቶች ተምሮት ነበር፤ እነርሱም «ባክስላይድ» ይሉት ነበር። ከእነርሱም በፊት ቢል ቤይሊ የተባለ የታፕ ዳንሰኛ በ1955 ፊልም ላይ ሲሠራው ይታያል።

ስም የማን ነው?

በአዳራሹ የሚመጡና የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ዳንሰኛ አሉ፤ ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ተቀምጠው ነው የሚያስተምሩት፣ ክንዳቸው ግን ዛሬም ሲመታ ወንበሩ ይሰማል። «እኛ ሂፕ ሆፕ አይደለንም፤ ፈንክ ነን» ይላሉ፣ እንደ ሃይማኖት ቃል። ወጣቶቹ በአክብሮት ይሰሟቸዋል፤ ሲወጡ ግን አንዱ «ሂፕ ሆፕ ባይሸከመን ኖሮ ማን ያውቀን ነበር?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ፣ ግን ወደ ሽማግሌው አደላለሁ፤ ልጅ ሌላ ቤት ማደጉ የወለደውን አያስረሳምና። ወጣቱም ያለ ምክንያት አልተናገረም። ብሩስ ይካንጂ በ2002 በፈረንሳይ አገር የጀመረውና ስሙ በፈረንሳይኛ «ቆሞ ብቻ» እንደ ማለት የሆነው «ጁስት ደቡ» የተባለው ውድድር፣ ፖፒንግንና ሎኪንግን ከሂፕ ሆፕና ሃውስ ከተባለው ዳንስ ጋር አሰልፎ፣ ጃፓናውያንና ኮሪያውያን ከፈረንሳዮች ጋር በአንድ መድረክ የሚገጥሙበት ሆኗል። ምድር ላይ የሚንከባለለው ብሬኪንግ በ2024 ወደ ፓሪስ ኦሎምፒክ ገባ፤ ቆመው የሚሠሩት ሁለቱ አልገቡም፣ ሽማግሌውም ይህን ሲነግሩኝ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር።

ክብሪት ያጣች እናት

የልጅቱ እናት ከትምህርቱ ማብቂያ ሩብ ሰዓት ቀደም ብላ ትመጣና፣ ከፌርፋክስ የገዛችውን እንጀራ በከረጢት ይዛ ከበሩ አጠገብ ትቆማለች። አማርኛ ስናገር ሰምታኝ አንድ ቀን ጠጋ አለችና፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ይሄ ነገር ደኅና ነው?» አለችኝ።

ደኅና መሆኑን በባቴ ሕመም ምዬ ነገርኋት።

«እኔማ» አለች፣ «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ውኃ ልጠጣ ብነሣ፣ በማድ ቤቱ መብራት ብቻዋን ቆማ ክንዷ ዝልል፣ አንገቷ ክንብል ሲል አየሁ። ዓይኗ ደግሞ አንድ ቦታ ተተክሏል። በስመ አብ አልኩና ክብሪት ፍለጋ ሮጥኩ። በዚህ አገር ደግሞ ክብሪት ከየት ይመጣል? ምድጃው እንኳ በቁልፍ ነው የሚነደው! በመጨረሻ ላይተር አግኝቼ አፍንጫዋ ሥር ልለኩስ ስል፣ ‹እማዬ፣ ሙዚቃ በጆሮዬ እየሰማሁ ነው› አትለኝ መሰለህ?»

ከዚያ ወዲህ ልጅቱን ባየኋት ቁጥር ክብሪቱ ይታወሰኛል። እናትየዋም ከዚያ ወዲህ ቀደም ብላ መምጣት አበዛች፤ መጀመሪያ ሩብ ሰዓት፣ በኋላ ግማሽ ሰዓት።

ባለፈው ቅዳሜ መምህሩ መጨረሻ ላይ የዛፕን ዘፈን ከፈተና እንደየፍላጎታችን እንድንጨፍር ለቀቀን። እኔ በመስተዋቱ ውስጥ እያየሁ ክንዴን ሳጠብቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምት ላይ፣ ያ ዓሣ በገዛ ክንዴ ውስጥ ዘለለ፤ ደግሜ ልይዘው ብል ግን አላገኘሁትም። ዞር ስል እናትየዋን አየኋት። ከረጢቱን በሁለት እጇ እንደ ያዘች፣ ዓይኗ ልጇ ላይ እንዳለ፣ ግራ ትከሻዋ በምቱ ላይ ከፍ አለና ቆመ፤ በሚቀጥለውም ምት ላይ እንደገና። ምን እያደረገች እንደ ሆነ አላወቀችም።

ልጅቱም በመስተዋቱ ውስጥ አይታት ነበር። ድንገት ዞራ እጆቿን ከራሷ በላይ አሾረች፣ ክርኖቿን አውጥታ ቆለፈች፣ ጣቷንም ቀጥ አድርጋ ወደ እናቷ ቀሰረች። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እናትየዋ በሐፍረት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ከዚያ ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና፣ ሳቁ ሳያባራ፣ እርሷም ጣቷን ወደ ልጇ ቀሰረች።